ባድ ብሬንስ፦ ታሪካቸው፣ ቅጂዎቻቸው፣ አጨዋወታቸው

ቢጫካሴት

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ስለ ባድ ብሬንስ በአማርኛ ሲነሳ «ራስታ የሆኑ ጥቁር ፓንኮች» ይባልና ይታለፋል። ሐሰት አይደለም። ግን ሙዚቃቸው ለምን እንደዚያ ፈጣን እንደሆነ፣ በዚያ ፍጥነትም ለምን እንደማይዝረከረክ አያስረዳም። ታሪኩን ከሥሩ እናንሳው፤ ከዚያ የትኛው ቅጂ ምን እንደሆነ እንለይ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰፈራቸው ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር የተጎራበተው የሜሪላንዱ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ማይንድ ፓወር የሚባል የጃዝ ፊውዥን ባንድ ነበራቸው። ጊታሩን ዶክተር ኖው በሚል ስም የሚታወቀው ጋሪ ሚለር፣ ቤዙን ዳሪል ጄኒፈር፣ ከበሮውን ኧርል ሃድሰን ይዘዋል። አራተኛው የኧርል ታላቅ ወንድም ፖል ሃድሰን ነው፤ ኤች.አር. የምንለው። የሚያዳምጡት ሪተርን ቱ ፎርኤቨርንና ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራን ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሌላው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ የፓንክ ባንድ ሦስት ኮርድ እንደተማረ መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። እነዚህ ግን አስቸጋሪ የምት አከፋፈልን፣ ጊታርና ቤዝ አንድ ላይ የሚሮጡበትን ዜማ፣ በድንገት ቆሞ በድንገት መነሣትን ለምደው ነው ወደ ፓንክ የገቡት።

ፓንኩን ያመጣላቸው ሲድ ማክሬይ የሚባል ጓደኛቸው ነው፤ የዴድ ቦይስን፣ የሴክስ ፒስቶልስንና የራሞንስን ሸክላዎች አሰማቸው። መጀመሪያ ዘፋኙም እሱ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ማይክሮፎኑ ወደ ኤች.አር. ዞረ። የባንዱን ስም የወሰዱት ራሞንስ በ1978 ካወጡት ዘፈን ነው። ፒ.ኤም.ኤ. (ፖዚቲቭ ሜንታል አቲቲዩድ፣ ቀና አስተሳሰብ) የሚሉት መፈክር ደግሞ የመጣው ናፖሊዮን ሂል በ1937 ካሳተመው የስኬት መጽሐፍ ነው፤ ጨለምተኝነት ፋሽን በነበረበት የፓንክ መድረክ ላይ «አእምሮህን ቀና አድርግ» እያሉ የሚጮኹ አራት ልጆች ማለት ነው።

በ1979 የዲሲ ክለቦች በር ዘጉባቸው። በወረቀት የተጻፈ እገዳ አልነበረም። የክለብ ባለቤቶች ታዳሚው ሲዘልና ሲጋፋ ዕቃ ይሰበራል ብለው ስለፈሩ ቀን አንሰጥም አሉ እንጂ። ስለዚህ ክለብ ባልሆነ ቦታ መጫወት ጀመሩ፤ በአዳምስ ሞርገን ሰፈር 18ኛ መንገድ ላይ በነበረው ማዳምስ ኦርጋን በሚባል የአርቲስቶች ቤት፣ በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ደግሞ በቫሊ ግሪን የሕዝብ መኖሪያ ቤቶች ግቢ። በዚያው ሰሞን ዘ ዳምድ ከሚባለው ባንድ ጋር ለመጫወት ወደ እንግሊዝ በረሩ፤ የሥራ ፈቃድ ስላልያዙ ከአየር ማረፊያው ተመለሱ። ባዶ እጃቸውን ሲመጡ መሣሪያ ያዋሷቸው ቲን አይድልስ የሚባሉ የዲሲ ታዳጊዎች ናቸው። ከእነዚያ ታዳጊዎች መካከል ኢያን ማካይና ጄፍ ኔልሰን በኋላ ማይነር ትሬትን መሠረቱ።

ከዚያ ኒውዮርክ፣ ሲ.ቢ.ጂ.ቢ. የሚባለው ክለብ፣ በ1980 «ፔይ ቱ ከም» የምትለው የመጀመሪያዋ ሲንግል፣ በ1982 መጀመሪያ ቢጫው ካሴት፣ ማለትም የመጀመሪያ አልበማቸው። ሌላውን እናንተ ሙሉበት።

አራትኪሎ_ሃርድኮር

ቢጫካሴት ጥሩ ከፍተኸዋል። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እንያዝ፤ «ሃርድኮርን (ፈጣኑንና ጠንካራውን የፓንክ ዓይነት) የፈጠሩት ባድ ብሬንስ ናቸው» የሚባለው በቀን ሲመዘን አይቆምም። የካሊፎርኒያው ሚድል ክላስ «አውት ኦፍ ቮግ»ን በ1978 አውጥቷል፤ የብላክ ፍላግ የመጀመሪያ ሲንግልም የ1979 መጀመሪያ ነው። «ፔይ ቱ ከም» ከሁለቱም በኋላ በ1980 ነው የታተመችው።

የባድ ብሬንስ ድርሻ ሌላ ነው። እነዚያ ፈጣን ነበሩ፤ ባድ ብሬንስ ግን ፍጥነትን በሥርዓት መጫወት እንደሚቻል አሳዩ። አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ በምትፈጅ ዘፈን ውስጥ መግቢያ አለ፣ ስንኝ አለ፣ ማቆሚያ አለ፣ ሁሉም መሣሪያ በአንድ ምት ላይ ይዘጋል። የዲሲ ልጆች ይህን በዓይናቸው አይተው ነው ልምምዳቸውን የጨመሩት። ዲስኮርድ የሚባለው የዲሲ ሌብል የወጣው፣ የኒውዮርክ ሃርድኮር መልኩን የያዘው ከዚህ በኋላ ነው። ቢስቲ ቦይስ በፓንክ ዘመናቸው በመጀመሪያ ፊደላቱ ሳይቀር የባድ ብሬንስን ስም የሚከተል ስም መያዛቸውም ከዚሁ ይመደባል።

ሰብለ_ከበሮ

ስለ ሥርዓቱ ከከበሮ በኩል ልጨምር፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ኤች.አር. የኋላ ግልባጥ ሲሆን ኧርል ሃድሰን ይረሳል።

ፈጣኑ ምት በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) በምቱ ላይ፣ ስኔሩ (በበትር የሚመታው ጥርት ያለው ከበሮ) በሁለት ምቶች መካከል፣ እየተቀያየሩ ይሄዳሉ፤ ሃይሃቱ (ጥንዱ ሲምባል) ወይ ከኪኩ ጋር ብቻ ወይ ከሁለቱም ጋር ይመታል። ችግሩ የሚጀምረው ፍጥነት ሲጨምር ነው። ጀማሪ ከበሮ መቺ ክንዱን ከትከሻው ያነሣል፤ በ30 ሰከንድ ውስጥ ክንዱ ይደርቃል፣ ስኔሩ ወደ ኋላ ይጎተታል፣ ኪኩና ስኔሩ ተጠጋግተው አንድ ላይ መውደቅ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ምቱ ፈጣን መሆኑ ይቀርና ጫጫታ ይሆናል። ኧርልን ስሙት፤ ስኔሩ ሁልጊዜ በሁለቱ ኪኮች እኩል መካከል ላይ ነው።

ለመለማመድ የምትፈልጉ እንዲህ አድርጉ። ሜትሮኖም በ120 ላይ አድርጉና ኪክ በእያንዳንዱ ጠቅታ፣ ስኔር በመካከሉ፣ ለ3 ደቂቃ ሳታቋርጡ። ስኔሩን በአንጓ ብቻ ምቱ፣ በትሩ ከቆዳው ከአንድ ስንዝር በላይ አይነሣ። ምቱ ሳይዛባ 3 ደቂቃ ከሞላ 5 ጨምሩ። ከተዛባ 10 ቀንሱ። በኃይል ሳይሆን በጽናት ነው የሚመጣው። ሌላው ብዙዎች የሚዘሉት ነገር የቤዝ ድራሙ ፔዳል ነው፤ ስፕሪንጉ ከላላ መዶሻው ለሚቀጥለው ምት በጊዜ አይመለስም፤ እግራችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ስፕሪንጉን አጥብቁት።

ከዚያ ያው ሰው በሚቀጥለው ዘፈን ሬጌ ይመታል፤ የመጀመሪያውን ምት ባዶ ትቶ ኪክና ስኔሩን ሦስተኛው ላይ በአንድነት ይጥላል። ዋናው ፈተና እሱ ነው፤ ደሙ የሞቀ ሰው ባዶ ምት መተው ይከብደዋል።

ናቲ_አዲስ

ሰላም። ለጀማሪ ጥያቄ ይቅርታ። ከየት ልጀምር? ደግሞ «ሮክ ፎር ላይት»ን ሁለት ቦታ ሰማሁት፤ በአንዱ የዘፋኙ ድምፅ ቀጭን ነው፣ ዘፈኖቹም ቅደም ተከተላቸው ይለያል። የትኛው ነው ትክክለኛው?

ሸክላ_በረንዳ

ናቲ፣ ጆሮህ ልክ ነው። ሁለት «ሮክ ፎር ላይት» አለ።

የመጀመሪያው በ1983 በፒ.ቪ.ሲ. ሌብል የወጣው ነው። ፕሮዲውሰሩ የዘ ካርስ ባንድ መሪ ሪክ ኦኬሴክ ሲሆን የተቀረጸው ቦስተን ሲንክሮ ሳውንድ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ሁለተኛው በ1991 በካሮላይን ሌብል ሲወጣ ኦኬሴክና ጄኒፈር እንደገና ሚክስ ያደረጉት ነው። በዚህኛው ቴፑ እንዲፈጥን ተደርጓል፤ ድምፁ እስከ ግማሽ ቶን ድረስ ወደ ላይ ወጥቷል። የሰማኸው ቀጭን ድምፅ ከዚህ የመጣ ነው። ለረጅም ዘመን በሲዲ የተሸጠው ይኸኛው ስለሆነ ብዙ ሰው ዋናው ይመስለዋል። በ2021 ባንዱ ማስተሮቹን በእጁ አስገብቶ በራሱ ስም ዳግም ሲያሳትም የ1983ቱ ሚክስ ተመልሷል።

መለያው ቀላል ነው። አልበሙ በ«ኮፕቲክ ታይምስ» ከጀመረና 17 ዘፈን ከያዘ የ1983ቱ ነው። በ«ቢግ ቴክኦቨር» ከጀመረና 20 ከያዘ የ1991ዱ ነው። ሽፋኑን አትመን፤ ዝርዝሩን እይ።

በእጅህ ያለው የ1991ዱ ብቻ ከሆነና ፍጥነቱን መመለስ ከፈለግህ፣ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ፍጥነትን ብቻ ሳይሆን ቃናንም አብሮ የሚቀይረውን ማዘዣ ተጠቀም፤ ቴፕ ሲፈጥን ሁለቱም አብረው ነው የሚወጡት። ግማሽ ቶን ማለት 1.0595 እጥፍ ስለሆነ ለመመለስ 5.6 በመቶ ትቀንሳለህ። 2 ደቂቃ የነበረው 2 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይሆናል። ግን በጭፍን አትቀንስ። ጊታር በሚገባ ቃኝተህ ከዘፈኑ ጋር አጫውት፤ ክፍት ክር ላይ መሆን የሚገባው ሪፍ አንደኛው ፍሬት ላይ ከገጠመ ግማሽ ቶን ወጥቷል፤ በሁለቱ መካከል ከሆነ ቅነሳውም በዚያ ልክ ያነሰ ነው። እያንዳንዱን ዘፈን ለየብቻ መፈተን ይሻላል። ይህ ፍጥነቱን እንጂ ሚክሱን አይመልስም፤ የከበሮው ቦታና የጊታሩ መጠን እንደ 1991ዱ ይቀራል።

ከየት ልጀምር ላልከው፤ መጀመሪያ ቢጫው ካሴት፣ ቀጥሎ የ1986ቱ «አይ አጌንስት አይ»፣ ቀጥሎ የ1983ቱ «ሮክ ፎር ላይት»። ፍቅሩ ከያዘህ «ብላክ ዶትስ»ን ፈልግ፤ በ1979 ቨርጂኒያ አርሊንግተን ውስጥ በነበረው የዶን ዚየንታራ ኢነር ኢር ስቱዲዮ ተቀርጾ በ1996 የወጣ ነው። ራስታነቱ ሙዚቃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሳይገባ የነበሩበትን ጊዜ ያሰማሃል።

ቢጫካሴት

ሸክላ በረንዳ ባለው ቅደም ተከተል እስማማለሁ፤ ስለ ቢጫው ካሴት ግን ጥቂት ቆም ልበል።

ያወጣው ኒል ኩፐር በ1979 የመሠረተው ሪች አውት ኢንተርናሽናል ነው፤ በዚያን ጊዜ ሥራውን በካሴት ብቻ ያሳትም የነበረ የኒውዮርክ ሌብል። መለያ ቁጥሩ ኤ-106 ነው። የተቀረጸው አቬኑ ኤ ላይ 171ኤ በምትባል ትንሽ ስቱዲዮ፣ በጄሪ ዊሊያምስ እጅ ነው። ሽፋኑ ላይ መብረቅ የአሜሪካን ምክር ቤት ጉልላት ሲመታ ይታያል፤ ቀለሙ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ከዘፈኖቹ ሦስቱ ሬጌ ናቸው፤ «ጃ ኮሊንግ»፣ «ሊቪንግ ባቢሎን»ና «አይ ላቭ አይ ጃ»። ሬጌዎቹን እየዘለለ የሚያዳምጥ ሰው አለ፤ እኔ ግን አልበሙን ግማሹን ጥሎ መሄድ ነው እላለሁ። «ጃ ኮሊንግ» ከ«ባንድ ኢን ዲሲ» ቀጥላ መምጣቷ በዕቅድ ነው፤ ጆሮ ከደከመ ፍጥነት ፍጥነት መሆኑ አይሰማም። ሬጌው ያሳርፍህና የሚቀጥለው ዘፈን እንደገና እንዲመታህ ያደርጋል።

ቴፕ_ሐኪም

ካሴቱን ኦርጂናል ያገኘ ሰው በቀጥታ አያጫውት። ከ40 ዓመት በላይ የሆነው ቴፕ ነው። በቅደም ተከተል እንዲህ ይሠራል።

መጀመሪያ ከታች በኩል በመስኮቱ አይተህ ቴፑን ከ«ሄዱ» (ድምፁን ከሚያነበው የማጫወቻው ክፍል) ጋር የሚጫነው ትንሹ ስፖንጅ መኖሩን አረጋግጥ። ሙጫው ይደርቅና ይረግፋል። ከረገፈ ድምፁ ይደበዝዛል፣ አንዱ ቻናል ይጠፋል፤ ሰውም ቴፑ የተበላሸ መስሎት ይጥለዋል። መፍትሔው በአምስት ብሎን የሚዘጋ ጥሩ ባዶ ካሴት ገዝቶ ሁለቱን ጥቅሎች ወደዚያ ማዛወር ነው። አሮጌው ሽፋን የተጣበቀ እንጂ በብሎን የተዘጋ ካልሆነ በቀጭን ቢላ ከመጋጠሚያው በጥንቃቄ ይከፈታል፤ ዋናውን ሽፋን ከነመለያው አስቀምጠው።

ቀጥሎ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ አጠንጥነው፤ ለዓመታት ተጣብቆ የቆየው ጥቅል ይላቀቃል። በማጠንጠኛ ጊዜ ጫፉ ላይ ያለው ግልጽ ቴፕ ከዋናው ሊላቀቅ ይችላል፤ መጨረሻው ሲቃረብ በእጅህ በእርሳስ ጨርሰው።

የማጫወቻውን ሄድና የጎማ መንኮራኩር 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል አጽዳ። የቤት አልኮል ውኃ ስለሚበዛበት አይሆንም። ከዚያ የሄዱን አቅጣጫ አስተካክል፤ ይህ ነው ብዙ ሰው የሚዘለው። ሁለቱን ቻናል ወደ ሞኖ ቀላቅለህ እያዳመጥህ ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በጥቂት በጥቂቱ አዙራት፤ የሲምባሉ ድምፅ በጣም ጥርት የሚልበት ቦታ ላይ ተዋት። ከሩብ ዙር በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ሌላ ችግር አለ፣ አቁም። የሁለቱ ጎን አቅጣጫ ሊለያይ ስለሚችል ገልብጠህ እንደገና ፈትን።

ዶልቢው (የቴፕን ሹክሹክታ የሚቀንሰው ዘዴ) ካሴቱ ላይ ካልተጻፈ አጥፋው፤ ሳይኖርበት ከከፈትከው ላይኛው ድምፅ ይታፈናል። ወደ ኮምፒውተር ስትቀዳ 24 ቢት፣ ከፍተኛው ጫፍ ከ0 በታች 6 ዴሲቤል እንዲሆን። የሹክሹክታ ድምፁን በፕሮግራም አታጥፋ፤ ከሲምባሉ ጋር አብሮ ነው የሚሄደው።

ሸክላ_በረንዳ

ቴፕ ሐኪም ስላነሣው፣ በሸክላ በኩልም አዲስ አበባ ላይ ያላችሁ ተጠንቀቁ። ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ማጫወቻ ሞተሩ የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ የሚከተል ዓይነት ከሆነ፣ ትራንስፎርመር ቮልቱን ከ220 ወደ 110 ያወርድላችኋል እንጂ 50 ኸርዝን ወደ 60 አይለውጥም። 33⅓ ዙር መሆን የሚገባው 27.8 ገደማ ይሆናል። ባድ ብሬንስ ቀስ ብሎ እንደ ዱብ ሬጌ ሲመጣ ዘፈኑ እንዳይመስላችሁ። መፍትሔው ለ50 ኸርዝ የተሠራ ፑሊ መቀየር ወይም በቀጥታ ጅረት (ዲሲ) ሞተር የሚሠራ ማጫወቻ መጠቀም ነው።

ጋሽ_መዝገቡ

ልጆች፣ ጥሩ እያወራችሁ ነው። ወደ እኛ የሚነካውን ክፍል ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ተደባልቆ ስለሚነገር።

ባድ ብሬንስ ወደ ራስታ የገቡት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የቦብ ማርሊን ኮንሰርት በዲሲ አካባቢ ማየታቸው ትልቅ ድርሻ ነበረው። ራስታ በጃማይካ የተነሣው በ1930 ከግርማዊነታቸው ዘውድ መጫን በኋላ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 1966 ኪንግስተን ሲደርሱ የነበረውን አቀባበል ሁላችሁም ሰምታችኋል። የሻሸመኔው መሬትም ከዚሁ ታሪክ ይመደባል። ቤተ ክርስቲያናችን ግን የንጉሡን አምላክነት አትቀበልም፤ እሳቸውም የእርሷ ልጅ ነበሩ። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማቅረብ ለራስታዎቹም ለእኛም ትክክል አይሆንም።

ኤች.አር. ጆሴፍ አይ የሚል ስምም አለው። በራስታ ውስጥ አሥራ ሁለቱ ነገደ እስራኤል የሚባለው ክፍል ሰውን በተወለደበት ወር ነገድ ይሰጠዋል፤ ፌብሩዋሪ የዮሴፍ ነው። ኤች.አር. በፌብሩዋሪ 1956 ሊቨርፑል ውስጥ የተወለደ ነው፤ ቦብ ማርሊም የዚያው ወር ልጅ ስለሆነ ዮሴፍ ይባል ነበር።

ጊዜውን አስተያዩት እስቲ። በ1979 እነዚህ ልጆች ዲሲ ላይ የይሁዳን አንበሳ ሲያነሡ፣ አዲስ አበባ ላይ ደርግ ነበር፤ የንጉሡን ስም በክብር ማንሣት ያስጠይቅ ነበር። ከደርግ የሸሹ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በብዛት ወደዚያችው ዋሽንግተን ይገቡ ነበር። በ1980ዎቹ የእኛ ሰው ምግብ ቤቶች የተደረደሩት ያው ማዳምስ ኦርጋን በነበረበት አዳምስ ሞርገን፣ ያው 18ኛ መንገድ ላይ ነው። ባንዱ ግን በዚያን ጊዜ ወደ ኒውዮርክ ሄዶ ነበር።

አራትኪሎ_ሃርድኮር

ጋሽ መዝገቡ እናመሰግናለን። እኔ ደግሞ የማያስደስተውን ክፍል ላንሣ፤ ታሪክ ካልን ሙሉውን ነው።

በ1982 ቴክሳስ ኦስቲን ላይ ከቢግ ቦይስና ከኤም.ዲ.ሲ. ባንዶች ጋር ተጣሉ። ምክንያቱ በሃይማኖታቸው ስም በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ላይ ያሳዩት ጥላቻ ነው፤ የቢግ ቦይስ ዘፋኝ ራንዲ ተርነር ራሱን ያልደበቀ ሰው ነበር። በእንግድነት የተቀበላቸውን ሰው ነው የሰደቡት። በ1989ኙ «ክዊክነስ» አልበም ውስጥም በዚሁ መንፈስ የተጻፈ ዘፈን አለ። ጄኒፈር በኋላ ዓመታት በቃለ መጠይቆች ላይ መጸጸቱን ተናግሯል። ይህ ጉዳት እውነተኛ ነበር፤ በወቅቱ ብዙ ሰው ከባንዱ ጋር ቆረጠ። አዲስ አድማጭ «ፍቅር እየሰበኩ ለምን የተጠሉበት ቦታ አለ» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ይኸው ነው።

ናቲ_አዲስ

እሺ፣ ስለ መልሱ አመሰግናለሁ። ከ1986 በኋላስ? ዝርዝሩ ላይ ብዙ ዘፋኝ ይታየኛል፤ ግራ ገባኝ።

ሸክላ_በረንዳ

ግራ መግባትህ አይገርምም። መንስኤው አንድ ነው፤ ሃድሰኖቹ ሬጌ ብቻ መጫወት ሲፈልጉ ዶክተር ኖውና ጄኒፈር ከባዱን ሮክ አይተዉም። በ1984 በዚሁ ምክንያት ተበተኑ፣ በ1985 ተመለሱ፣ «አይ አጌንስት አይ»ን በ1986 በኤስ.ኤስ.ቲ. ሌብል አወጡ። ፕሮዲውሰሩ ሮን ሴንት ጀርሜን፣ ቀረጻው ማሳቹሴትስ ውስጥ ሎንግ ቪው ፋርም ነው። ፍጥነቱ ቀንሶ ፈንክና ሜታል የገባበት፣ በእኔ ግምት ጊታሩ ከሁሉም የበለጠ የተዋጣበት አልበም ነው። ሊቪንግ ከለርና ዴፍቶንስ የመሳሰሉት የተማሩት ከዚህኛው ነው።

ከዚያ ሃድሰኖቹ እንደገና ወጡ። ለ«ክዊክነስ» ኤች.አር. ተመልሶ ዘፈነ፤ ከበሮውን በቀረጻው ላይ የመታው ግን የክሮ-ማግስ ማኪ ጄይሰን ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፌይዝ ኖ ሞር የቀድሞ ዘፋኝ ቸክ ሞዝሊ ለጥቂት ጊዜ ገባ። በ1993 በኤፒክ የወጣው «ራይዝ» ላይ የሚዘፍነው ኢዝራኤል ጆሴፍ አይ ነው፤ ስሙ ከኤች.አር. ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ያምታታዋል፣ ሌላ ሰው ነው። በ1995 አራቱም ተመልሰው «ጎድ ኦፍ ላቭ»ን በማቬሪክ አወጡ፤ አሁንም ከኦኬሴክ ጋር። የዚያ ዓመት ጉዞ ሳይጠናቀቅ ተቋረጠ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሶል ብሬንስ በሚል ስም ተጫወቱ፣ በ2007 የቢስቲ ቦይስ አዳም ያውክ ፕሮዲውስ ያደረገው «ቢልድ ኤ ኔሽን» መጣ፣ በ2012 «ኢንቱ ዘ ፊውቸር»። በ2015 ዶክተር ኖው ልቡ ቆሞ ከሞት ተርፏል፤ ኤች.አር. ሰንክት ከሚባል ከባድ የራስ ምታት ሕመም ጋር ሲታገል ቆይቷል።

የመድረክ (ላይቭ) ቅጂ ከፈለግህ በ1987 አምስተርዳም ፓራዲሶ ውስጥ የተቀረጸው «ዘ ዩዝ አር ጌቲንግ ሬስትለስ» ይበቃሃል። ምስል ከፈለግህ የ1982ቱ ሲ.ቢ.ጂ.ቢ.።

ቴፕ_ሐኪም

«አይ አጌንስት አይ» ውስጥ ስለ «ሴክሬድ ላቭ» ማንም አላነሣም። ኤች.አር. በማሪዋና ክስ ሎርተን ወህኒ ቤት ስለነበር ድምፁ የተቀረጸው በስልክ ነው። ያ የታፈነ ድምፅ ኢፌክት ሳይሆን የስልኩ መስመር ነው፤ የዘመኑ ስልክ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነው።

ይህን ድምፅ በስቱዲዮ መሥራት የፈለገ ከ300 በታችና ከ3400 በላይ ያለውን በጠንካራ ፊልተር ይቁረጥ፤ በኦክታቭ ቢያንስ 24 ዴሲቤል የሚያወርድ ይሁን፣ ለስላሳ ፊልተር ተራ ራዲዮ ያስመስለዋል። ከዚያ ድምፁን በኮምፕረሰር በጣም ይጭመቀው፣ በመጨረሻ ትንሽ ዲስቶርሽን። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ዲስቶርሽኑ የፈጠረው ላይኛው ድምፅ በፊልተሩ ይቆረጥና ሻካራነቱ ይጠፋል። ሪቨርብ አታስገቡ፤ ዘፈኑ ውስጥ የሚሰማው ብቸኝነት ከድርቀቱ ነው የሚመጣው።

ቤዝ_ብቻ

ለሰብለ ጥያቄ አለኝ። እኛ ባንድ ውስጥ ከሃርድኮር ወደ ሬጌ ስንሻገር ሬጌው ሁልጊዜ ይፈጥናል። ከቤዝ በኩል የማደርገው አለኝ፤ የላይኛውን ቃና በቤዙ ላይ ባለው መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻ እዘጋለሁ፣ ፒኩን አስቀምጬ በአውራ ጣት ከአንገቱ አጠገብ እመታለሁ፣ ጊታሪስቱ ደግሞ ዲስቶርሽኑን አጥፍቶ ድምፁን ይቀንሳል። ድምፁ ይለወጣል፤ ቴምፖው ግን አይረጋም። አንቺ ምን ትያለሽ?

ሰብለ_ከበሮ

ቤዝ ብቻ፣ ድምፁን በተመለከተ ያደረግከው ሁሉ ልክ ነው። ቴምፖውን የሚያበላሸው መግቢያው ነው። ፈጣኑ ዘፈን እንዳለቀ ከበሮ መቺው በትር አጋጭቶ «1፣ 2፣ 3፣ 4» ከቆጠረ የሚቆጥረው በቀድሞው ዘፈን ትንፋሽ ነው፤ ሬጌው ገና ሳይጀመር ፈጥኗል።

በትር አታጋጩ። ፈጣኑን ዘፈን ሁላችሁም በአንድ ምት ዝጉ፣ የጊታሩ ፊድባክ ይቀጥል። በዚያ መሐል ከበሮ መቺው የሬጌውን የቤዝ መስመር አንድ ጊዜ ሙሉውን በአፉ ያዚም፤ ዜማውን እንጂ ቁጥሩን አያስብ። ከዚያ ሃይሃት ብቻ ለሁለት ባር። አንተ እነዚያን ሁለት ባሮች ዝም በል፣ ሦስተኛው ባር ላይ ግባ። በሁለቱ ባር ውስጥ ፈጥኖ ከተሰማህ ወደ ከበሮው ዞረህ እጅህን ወደ ታች አሳየው፤ ሌላ ሁለት ባር ሃይሃት ይጨምር፤ ሰው ምንም አያውቅም። ጊታሩ ከአንተ ሁለት ባር ዘግይቶ ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ይግባ። ጊታሩ ቀድሞ ከገባ ግን መመለሻ የለውም፤ ሁላችሁም እሱን ትከተላላችሁ።